አራት ጣት ቀጥ ያለ ገመድ

ጡረታ የሚባል ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው የለም። ባለፈው ወር የአለቃዬ ልጅ አንድ ካርቶን ቸኮሌት አስታቀፈኝና «ሳራ፣ ደክመሻል፤ ከእንግዲህ እረፊ» አለኝ። እኔ ደከመኝ አላልኩም። ሱቁ የኮምፒውተር ሆድ መክፈት ስለተወ ነው። አሁን የሚሸጡት ከውጭ ታሽጎ የመጣውን ነው፤ ሲበላሽም እንደታሸገ ይመለሳል። ለብዙ ዓመታት ካቻቢቴ የያዝኩበት እጄ ቸኮሌት ተሸክሞ ከሱቁ ወጣ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ሞኝ አንድ በአንድ በላሁት፤ ሾፌሩንም ጋበዝኩት።

እንግዲህ ሥራ ፈት ሆኛለሁና ልጻፈው። ደስ የሚል ታሪክ የፈለገ ሰው ሌላ ነገር ያንብብ።

ሳራ ስሜ አይደለም፤ ሰርካለም ነኝ። ዮርዳኖስ፣ ዓማን የገባሁት እንደ ብዙዎቻችን በቤት ሠራተኛነት ነው። የሀብታሞች ሰፈር አብዱን ውስጥ የተቀበለችኝ የመጀመሪያዋ ማዳም ስሜን ልትጠራ ሞክራ አፏ ሲተሳሰርባት «ሳራ ትሆኛለሽ» አለችኝ፤ በዚያው ቀረ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው ግን ከዚያ በኋላ ያየሁትን ስላየሁ ነው፤ ያኔማ መታጠቢያ ቤት እየተደበቅሁ አለቅስ ነበር።

ከእሷ ቤት ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ ሀብታም ቤት ውስጥ ሽቦ ለዓይን መታየት የለበትም። የቴሌቪዥኑም፣ የመብራቱም፣ የስልኩም ገመድ ከዕቃው ጀርባ ተጣጥፎና ተጨቁኖ መደበቅ አለበት። ሁለተኛው ኸማሲን ነው። ኸማሲን በፀደይ ከደቡብ በረሃ የሚነሳ ነፋስ ነው፤ ሰማዩ ቢጫ ይሆናል፣ አቧራው በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል። ያ ነፋስ ሊመጣ ነው ከተባለ የቤት ሠራተኛ የመጀመሪያ ሥራ አንሶላ ማውጣት ነው። ሶፋው፣ አልጋው፣ ፒያኖው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ይሸፈናል። ማዳም ውጭ ከሆነች በስልክ «ጋጢ ኩል ሺ!» ትላለች፤ ሁሉንም ሸፍኚ ማለት ነው። ዓማን የሠራች ኢትዮጵያዊት ሁሉ ይህችን ትእዛዝ ታውቃታለች። ለምን አልሸፈንሽም ተብላ ያልተሰደበች አላውቅም። ለምን ሸፈንሽ ተብላ የተሰደበችም በኋላ እስከምነግራችሁ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ውሌ ሲያልቅ ኡም ሱማቅ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ደረጃና የተወሰኑ ቤቶች ማጽዳት ያዝኩ። ሕንፃው ውስጥ ኡም ሰሊም የምትባል ሴት ነበረች፤ ወረቀቴን በስሟ አዛውራ ከፊሌ፣ ማለትም በሕግ ኃላፊዬ፣ ሆነች። ባሏ አቡ ሰሊም ጋርደንስ መንገድ ላይ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ነበረው። አንድ ቀን ቤታቸው የአየር ማቀዝቀዣውን ማጣሪያ ሳጸዳ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «አንቺ ጥድፊያ የለብሽም። ነገ ሱቅ ነይ» አለኝ።

ሱቅ ውስጥ ያሉት ወንዶች አቧራ ማራገፍ ይጠየፉ ነበር። የዓማን አቧራ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ሲከርም እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ የአርጊላ፣ የሺሻ ማለት ነው፣ ጭስ ሲጨመርበት ደግሞ ይጣበቃል። እኔ በብሩሽና በአየር መንፊያ ጀመርኩ፤ ቀስ በቀስ መፍታት፣ መጥረግ፣ ቺፑን የሙቀት ቅባት መቀባት፣ መግጠም ተማርኩ። ዓርብ፣ በዕረፍት ቀናችን፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሴቶቹ «ሰርኬ ኮምፒውተር ታጥባለች፤ በምን ሳሙና ነው የምታጥቢው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ እስከ መጨረሻው የተጻፈው «የቤት ሠራተኛ» ነው። ማስቀየር ጣጣ አለው ተባልኩ፤ ተውኩት። ደሞዙም እንደ ወረቀቱ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ስለ አቡ ሰሊም ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ይሁን አላውቅም፣ ያን ሰው እንደ አባት ነበር የማየው። ሰው ሁሉ «መዓለም» ይለዋል፤ ለእጅ ባለሙያ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። እኔን «ያ ቢንቲ» ይለኛል፣ ልጄ እንደ ማለት። በአማርኛ የምናወራ ቢሆን አንቱ ነበር የምለው። አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው አልመጣልኝ አለ።

ባለሙያነቱን አልክድም። የሰው ማሽን ከመንካቱ በፊት ቀለበቱን አውልቆ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ያኖራል። እጁን ታጥቦ ያደርቃል። ከዚያ የኬዙን፣ የኮምፒውተሩን ቀፎ፣ ብረት በመዳፉ ይነካል፤ ሰውነቱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ክፍሎቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ ላይ እንዳይፈነጥቅ ነው። ሻይ ጠረጴዛው አጠገብ አያደርስም፤ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠጣው። የመጀመሪያ ቀን አየር ስነፋ የማራገቢያው ክንፍ እንደ እብድ ሲሽከረከር አይቶ እጄን ያዘኝ።

«ክንፉን በጣትሽ ያዢው፤ ከዚያ ንፊ። በነፋስ ከልኩ በላይ ከዞረ መሀሉ ያልቃል። ባሰ ጊዜም ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ሰሌዳውን ይመታዋል።»

እሱ የሚያስተምረው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ስትሳሳቺ አይቆጣም፤ የሠራሽውን ፈታትቶ ፊትሽ ያስቀምጥና ሻዩን ይዞ ወደ በሩ ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣው ስትጨርሺ ነው። ስንት ጊዜ እንደዚያ ተዋርጄ እንደተማርኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ግን ወደድኩት። ከዚያ በፊት የሠራሁትን ነገር እንደገና እንድሞክር ጊዜ የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

ጥገና ሲያልቅ ማሽኑን ከባድ ሥራ አስይዞ ይተወዋል። ቆየት ብሎ ይመጣና የእጁን ጀርባ ገመዱ ላይ ያሳርፋል። «ስክሪኑ የሚነግርሽ የቺፑን ሙቀት ነው። የገመዱን የሚነግርሽ ቆዳሽ ብቻ ነው» ይል ነበር። የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ አይታመንም፤ የእጅ ጀርባ ነው የሚታመነው። እኔም ዛሬ ድረስ የስልኬን ቻርጀር በእጄ ጀርባ ሳልነካ አልተኛም።

አንድ ሰሞን አቡ ሰሊም ሳሃብ ወደሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ላከኝ። ፋብሪካዎቹ መሀል መጋዘን ተከራይቶ ግራፊክስ ካርድ በብረት መደርደሪያ የደረደረ ሰው ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ ግራፊክስ ካርድ ስክሪን ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚያሰላው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው፤ ዓማኖች ከርት ሻሼ ይሉታል። ያ ሰውዬ ግን ሥዕል አልፈለገም፤ በካርዶቹ ዲጂታል ገንዘብ ነበር የሚያስቆፍረው። ውጭ በረዶ ሲጥል እንኳ እዚያ ውስጥ በሹራብ መቆም አይቻልም። እኔ አቧራ እያራገፍኩ እውል ነበር። አንድ ነገር በአፍንጫዬ የተማርኩት እዚያ ነው፦ የገመድ ፕላስቲክ ከመቅለጡ በፊት ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ለሰውየው ስነግረው «ከጎረቤት ፋብሪካ ነው» አለኝ። ጎረቤቱ ብርጭቆ ፋብሪካ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ነደደ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ሰውየው ከቃጠሎ የተረፉትን ካርዶች አዲስ አስመስሎ ሊሸጥ አጽጂልኝ ሲለኝ አቡ ሰሊም ሰማ። በመኪናው መጥቶ «እኛ የዚህ ዓይነት ሥራ አንሠራም» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁበት! በኋላ የመጣብኝ ንዴት ሁሉ ያንን ስላየሁ ነው። ከመጀመሪያው ሌባ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልቃጠልም ነበር።

ሥራ ስጀምር ካርድ ቀላል ነገር ነበር። የተሰካበት ሰሌዳ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ይበቃው ነበር። ከዚያ አንድ ተጨማሪ ገመድ ፈለገ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ክብደቱም እንደ ጡብ ሆነ፤ ከሥሩ ካልደገፉት ይንጋደዳል። ኡም ሱማቅ ያለ አንድ ደንበኛችን ክረምት ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውንና ኮምፒውተሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ የሕንፃውን መብራት በየጊዜው ያጠፋ ነበር። «ማሞቂያውን ተወው፤ ማሽንህ ራሱ ያሞቅሃል» ስለው የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም።

በመጨረሻ እነዚያን ሁሉ ገመዶች የሚተካ አንድ ትንሽ መሰኪያ መጣ። አሥራ ሁለት ቀጫጭን ፒን አላት፤ ስድስቱ ኤሌክትሪኩን ያስገባሉ፣ ስድስቱ ይመልሳሉ፤ የአንድ ትንሽ ማሞቂያ ያህል ኤሌክትሪክ በእሷ ውስጥ ያልፋል። ሲያዩዋት ታምራለች። አቡ ሰሊም በመጀመሪያው ቀን በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አያትና «ይህን ያወጣ ሰው ቸኩሏል» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው መሰኪያ ሲገባ ቀጭ ይላል፤ ይቺኛዋ ድምፅዋ አይሰማም። እስከ ጥግ ካልገባች ወይም ገመዷ ገና ከአፏ እንደወጣ ከታጠፈ ግማሾቹ ፒኖች በደንብ ይነካሉ፣ ግማሾቹ በስሱ። ኤሌክትሪኩ ደግሞ በደንብ ወደነካው ይጎርፋል፤ ለስድስት ሽቦ የታሰበውን ሁለቱ ይሸከሙታል። ቺፑ ሲሞቅ ራሱን ያዘገያል፣ ሲብስበትም ማሽኑን ያጠፋዋል። ለመሰኪያዋ ግን የሚጮህላት የለም። ዝም ብላ ትቀልጣለች።

አቡ ሰሊም ሁለት ሕግ አወጣ። መሰኪያዋ ከገባች በኋላ የአውራ ጣት ጥፍር በመጋጠሚያው ላይ ይሄዳል፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ከተገኘ ሥራው አልተሠራም። ሁለተኛው፣ ገመዱ ከመታጠፉ በፊት አራት ጣት ያህል ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። አራት ጣቱን ገጥሞ ገመዱ ላይ ያስቀምጣል፤ ካልሞላ ሌላ ኬዝ ይፈለጋል። ደንበኛ ቢለምነውም ቢቆጣውም አይሰማም ነበር።

እስከ ኡም ዘይድ ድረስ።

ኡም ዘይድ የአብዱን ሴት ናት። ልጇ ዘይድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነበር፤ ለእሱ ኮምፒውተር ልታሠራ መጣች። ገበያው ላይ ካለው ሁሉ ትልቁን ካርድ አዘዘች። ኬዙን ግን ራሷ መርጣ ይዛ ነው የመጣችው፦ ነጭ፣ ጠባብ፣ ጎኑ መስታወት፣ ከልጇ ክፍል የቤት ዕቃ ጋር የሚሄድ። ካርዱ ገባ፣ ገመዱ ተሰካ፣ መስታወቱ ግን አልዘጋ አለ። አቡ ሰሊም ጣቶቹን ገጥሞ አስቀመጠ። ሁለት ጣት እንኳ አልሞላም።

«ማዳም፣ ሰፋ ያለ ኬዝ ያስፈልገዋል» አላት።

«ከክፍሉ ጋር የሚሄደው ይሄ ነው። ሽቦም እንዳይታይ» አለች። ቀጥላም «ለወንድሜ የቢሮውን ኮምፒውተሮች በሙሉ አንተ እንድትይዝለት ነግሬዋለሁ። ይህን ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝ» አለችው።

አቡ ሰሊም ኬዙን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ገመዱን በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ደፈቀና መስታወቱን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው።

«መዓለም፣ አራት ጣት የለውም» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ኸላስ፣ ያ ቢንቲ። በቃ።»

ቀለበቱን ከኪሱ አውጥቶ አጠለቀ። የእጁን ጀርባ ገመዱ ላይ አላሳረፈም፤ መስታወቱ ተዘግቶ በየት በኩል ያሳርፈው።

ኸማሲን በመጣ ሰሞን ሱቅ ስልክ ተደወለ። የኡም ዘይድ ጩኸት ከአቡ ሰሊም ጆሮ አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፤ ሠራተኛዋ በአንሶላ ሸፍናው ነው፤ መጥታችሁ እዩ። አቡ ሰሊም የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ «መሣሪያውን ያዢ» አለኝ። 

የዘይድ ክፍል ግድግዳው ጠቁሯል፣ መጋረጃው ግማሹ የለም። ሠራተኛዋ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አውቃታለሁ። ብርቱካን ናት። ዓርብ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሁላችንንም ፀጉር የምትሠራው ልጅ ናት፤ ያን የመሰለ ሹሩባ የምትሠራ እጅ ዓማን ውስጥ አላየሁም። አገሯ ገብታ ደሴ ላይ ፀጉር ቤት መክፈት ነበር ሐሳቧ፤ የሚሠራበትን ቤት ሳይቀር መርጣለች። አሁን ሁለቱም እጆቿ እስከ አንጓቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«ጋጢ ኩል ሺ አለችኝ፣ እትዬ ሰርኬ» አለችኝ በአማርኛ። «ዘይድ ለትምህርቱ የሆነ ሥዕል እያሠራው ትቶት ሄዷል። ሁሌም እንደበራ ነው የሚውለው፤ ጠፍቶ አይቼው አላውቅም። እንደ ሌላው ዕቃ ሸፈንኩት። ጭስ ሲሸተኝ ሮጬ ስገባ አንሶላው ተያይዟል። ቤቱ እንዳይቃጠል በእጄ ጎተትኩት። ናይለን ነው መሰለኝ፣ እጄ ላይ ቀለጠ።»

ኡም ዘይድ አቋረጠቻት። «ስማኝ፣ አቡ ሰሊም። ማሽኑ ከሆነ ሱቅህ ይጠየቃል። እሷ ከሆነች ዛሬውኑ ወደ መክተቡ ትመለሳለች፣ ከዚያም ወደ አገሯ። ንገረኝ፤ የማን ጥፋት ነው?» መክተብ የምትለው ሠራተኛ የሚያስመጣውን ቢሮ ነው።

አቡ ሰሊም ቀለበቱን አወለቀ። ተንበርክኮ ኬዙን ከፈተ፤ እኔ በባትሪ አበራሁለት። መሰኪያዋ ካርዱ ላይ ቀልጣ ተጣብቃለች። በመስታወቱ በኩል ያሉት ሁለት ሽቦዎች ልባሳቸው ነድዶ መዳባቸው ወጥቷል፤ አጠገባቸው ያሉት አራቱ ግን ቀለማቸው እንኳ አልተለወጠም። ከውጭ የገባ እሳት እንደዚያ መርጦ አይበላም። አቡ ሰሊም የአውራ ጣቱን ጥፍር በመጋጠሚያው ላይ አስኬደ። ፕላስቲኩ የቀለጠው ክፍተቱን እንደያዘ ነበር። ጥፍሩ ገባ። እኔ አየሁ፤ ማየቴንም እሱ አየ።

ቀና ብሎ እጁን በመሐረብ ጠረገ።

«ይህ ማሽን አየር ይፈልጋል፣ ማዳም። ሲሸፈን ይታፈናል። አንሶላው ነው» አለ።

ብርቱካን አረብኛ ትሰማለች። ራሷን አቀረቀረች።

«ላ፣ አይደለም፣ ማዳም» አልኩ። ድምፄ ለራሴ ሳይቀር የሌላ ሰው መሰለኝ። «ይምጡ፣ ይዩት። እሳቱ የተነሳው ከዚህ ከውስጥ ነው። ማሽኑ ቢታፈን ኖሮ ራሱን ያጠፋ ነበር። ገመዱ ከጅምሩ ታጥፎ ነው የተዘጋው፤ እርስዎም እዚያው ነበሩ።»

ኡም ዘይድ ያኔ ገና ያየችኝ ይመስል ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ይቺ ማናት?» አለችው።

ቴክኒሻኔ ናት ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ምን ዓይነት ሞኝ ነበርኩ።

«የእኛ ቤት ሠራተኛ ናት» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ሱቅ እየመጣች አቧራ ታራግፋለች። ስለዚህ ነገር አታውቅም።»

«እንግዲያው ለአገሯ ልጅ መቆሟ ነው» አለች ኡም ዘይድ በእርጋታ።

ኢቃማሽን አውጪ ብትለኝስ ምን አሳያታለሁ? ወረቀቴ የሚለውም እሱ ያለውን ነው።

መኪና ውስጥ «መዓለም፣ ጥፍርዎ ገብቷል» አልኩት። መብራት ላይ ስንቆም ተናገረ።

«ልጆቼ ከዚያ ሱቅ ነው የሚበሉት። አንቺም ከዚያ ነው የምትበዪው። ስሜ በአብዱን ከጠፋ ሱቁ አለቀ። ያቺ ልጅ ወደ እናቷ ትሄዳለች። እኔ የት እሄዳለሁ?»

«እጆቿስ?» አልኩት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ነዳ።

በማግስቱ መክተቡ ድረስ ሄድኩ። ደጅ ላይ ተማጽኜ፣ አረብኛዬን አሳምሬ፣ የማላውቀውን ሰው «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ እያልኩ አስገቡኝ። ወደ አገር የሚመለሱ ልጆች የሚቆዩባት አንዲት ክፍል አለች፤ ብርቱካን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት። ፖሊስ ጋ እንሂድ፣ ሌላ ባለሙያ ይይልን፣ ኤምባሲው ይስማን ልላት።

«እኔ ነኝ ብያለሁ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ምን?»

«ማዳም፣ 'እኔ ነኝ ካልሽ ፓስፖርትሽና ትኬትሽ ይኸው፤ አይደለሁም ካልሽ ፖሊስ ይመርምርሽ' አለችኝ። ፖሊስ ጣቢያ በዚህ እጄ? እዚያ ማን ያጎርሰኛል፣ እትዬ ሰርኬ?»

 ቢሆንም ነገርኳት። ስለ መሰኪያዋ፣ ስለታጠፈው ገመድ፣ ስለ ሁለቱ ሽቦዎች፣ ስለ ጥፍሩ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። 

«እንግዲያው እኔ አይደለሁም?»

«አይደለሽም።»

«እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ እኮ» አለች።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እንባዋን መጥረግ ስለማትችል እኔ በነጠላዬ ጠረግሁላት።

በዚያው ሳምንት ሄደች። ከደሴ ስትደውልልኝ የቀኝ እጇ ጣቶች እንደልብ እንደማይታጠፉላት ነገረችኝ። ፀጉር ቤት የሚባለውን ወሬ እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁባት።

ለምን ያኔውኑ ሱቁን ጥለሽ አልወጣሽም የሚሉኝ አሉ። ከፊሌ ሚስቱ ናት፤ ከሱቁ መውጣት ማለት ከአገሩ መውጣት ነው። አገር ቤት ደግሞ ከእኔ እጅ የሚጠብቅ ሞልቷል። ቀረሁ። አቡ ሰሊም የኡም ዘይድን ወንድም ቢሮ ያዘ። ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሕጉን ላላ አላደረገም፤ ይልቁንም ባሰበት። ለማንም አይመለስም፤ አራት ጣት ካልሞላ ደንበኛውን ከነካርዱ ይሸኘዋል። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ትክክሉን ያውቅ ነበር፤ ሁልጊዜም ያውቅ ነበር። «ነይ፣ ሻይ ጠጪ» ሲለኝ ሥራ ይዣለሁ እለዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ካርዶቹ በየጊዜው ይበልጥ ኤሌክትሪክ እየጠጡ መጡ። ደንበኞች የቀለጠ መሰኪያ ፎቶ ስልካቸው ላይ እያዩ «ይሄ ነገር ቤቴን ያቃጥልብኛል እንዴ?» ማለት ጀመሩ። አቡ ሰሊም መልስ አዘጋጀ፤ ሱቁ በሚያወጣው ኮምፒውተር ሁሉ ጎን ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሊያሳትም ሆነ። በአረብኛ «የቤት ሠራተኛዎን ያስጠንቅቁ፤ ይህ መሣሪያ አይሸፈንም» ይላል።  ገና ምንም ሳይቃጠል ጥፋተኛዋ ተለይታለች።

«ያ ቢንቲ፣ ከሥሩ በእናንተ ቋንቋም ጻፊበት። ልጆቹ አረብኛ ማንበብ አይችሉም» አለኝ።

ጻፍኩለት። በእጄ ጽሑፍ ነው የታተመው። አትሸፍኚ የሚለውን አልጻፍኩም፤ ሸፍኚ ስትባል እምቢ ማለት እንደማትችል አውቃለሁ። የጻፍኩት ይህን ነው፦

«እህቴ፣ ይህ ማሽን ከተቃጠለ የሚቃጠለው ከውስጡ ነው። ዓሣ ዓሣ ከሸተተሽ ከግድግዳው ንቀዪው። እሳት ካየሽ ግን በእጅሽ አትንኪ፣ ውጪ። ማንም ቢጠይቅሽ፣ ምንም ቢሰጥሽ፣ እኔ ነኝ እንዳትዪ።»

አቡ ሰሊም ፊደሉን አይቶ «ያምራል» አለ። በየማሽኑ በገዛ እጁ ይለጥፈው ጀመር። አብዱን ገባ፣ ኡም ሱማቅ ገባ፣ የማላውቀው ቤት ሁሉ ገባ።

ሥራ ከማቆሜ ትንሽ ቀደም ብሎ ከእሱ ጋር አንድ ማሽን ልናደርስ አብዱን ሄድን። እሱ ሲሰካካ እኔ ጠርዙን እጠርግ ነበር። የቤቱ ማዳም ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየች።

«ይሄ ምን ቋንቋ ነው?»

«አማርኛ ነው፣ ማዳም። ለሠራተኛዋ ነው» አላት አቡ ሰሊም፣ ኮራ ብሎ።

ማዳሟ ደስ አላት። «ሃና! ነይ፣ ሃና! ምን እንደሚል አንብቢልኝ።»

አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን በሽርጧ እያደረቀች መጣች። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ወረቀቱ ፊት ቁጢጥ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።  ይህች ልጅ ያነበበችውን እንዳለ በአረብኛ ብትናገር እኔ በነጋታው ዓማን ውስጥ አልገኝም። መጨረሻው ላይ ደረሰችና ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ጽሑፉ የእኔ መሆኑን ማን እንደነገራት አላውቅም። 

«እህ፣ ምን ይላል?» አለች ማዳሟ።

«እንዳትሸፍኑት ነው የሚለው፣ ማዳም» አለች ሃና በአረብኛ።

አቡ ሰሊም ራሱን ነቀነቀ። ማዳሟም «ሰማሽ አይደል? እንዳትረሺ» ብላት ወደ ሳሎን ሄደች። ሃና ግን አልተነሳችም። የወረቀቱ አንድ ጥግ ተነስቶ ነበር፤ መዳፏን ዘርግታ እስኪጣበቅ ድረስ ተጫነችው።